የሃይማኖት ስብጥርና የወጣቶች ማጨስ በመናገሻ ከተሞች

የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች የሃይማኖት ስብጥር የወጣቶቹን ሲጋራ የማጨስ ልማድ ይወስናል ወይ የሚለው ጥያቄ፣ አዲስ አበባን ከበው ለሚገኙት ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሲቀርብ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን አቆራኝቶ ይመጣል። አንደኛው የግለሰቡ ሃይማኖተኝነት፣ ማለትም ወጣቱ ራሱ የሚያምነው፣ የሚጾመውና የሚሰግደው ነው፤ ሁለተኛው የአካባቢው ስብጥር፣ ማለትም የወጣቱ እምነት ምንም ይሁን ምን በዙሪያው ያሉት ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ መምህሩና እድርተኛው የየትኛው እምነት ተከታዮች እንደሆኑና እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚተዋወቁ ነው። ሁለቱ በተለምዶ አነጋገር አንድ ይምሰሉ እንጂ ሲጠኑ ተለያይተው መታየት አለባቸው፤ የማይጾም ልጅ በጾመኛ ሰፈር ሊያድግ፣ ጾመኛውም ማንም ማንን በማያውቅበት የኪራይ ቤቶች መንደር ሊኖር ይችላልና።

ይህን ልዩነት ያጎላው በአሜሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቃውንት መካከል የተነሣ የቆየ ክርክር ነው። ትራቪስ ሂርሺና ሮድኒ ስታርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት፣ በካሊፎርኒያዋ ሪችመንድ ከተማ ተማሪዎች ላይ በተመሠረተ ጥናት፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትሩት ወጣቶች ከማያዘወትሩት ይልቅ ከጥፋት የራቁ ሆነው አላገኟቸውም። ውጤቱ ብዙዎችን ግራ ቢያጋባም፣ ስታርክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1982 ከባልደረቦቹ ጋር ጉዳዩን መልሶ በማንሣት ስሕተቱ የሃይማኖትን ኃይል በግለሰቡ ልብ ውስጥ ብቻ መፈለግ እንደነበር ተከራከረ፤ በእርሱ አመለካከት የወጣቱ እምነት ጠባዩን የሚገዛው የጓደኞቹና የጎረቤቶቹ አብዛኛው ክፍል አማኝ በሆነበት አካባቢ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው ለሃይማኖት ደንታ በሌለው አካባቢ ግን የአንድ ልጅ ቤተ ክርስቲያን መሳም ከጓደኞቹ ግፊት አያድነውም። ይህ ሐሳብ የግብረ ገብ ማኅበረሰብ መላምት በመባል ይታወቃል። ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የዩታ ግዛት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1833 ጀምሮ ትምባሆን የሚከለክል ትምህርት ያላቸው የሞርሞን እምነት ተከታዮች በብዛት የሚኖሩበት ይህ ግዛት በአሜሪካ ከሁሉ ያነሰ የአጫሾች መጠን ካላቸው ግዛቶች በግንባር ቀደምትነት የሚታይ ነው።

መላምቱ ግን የአማኞችን ብዛት እንጂ የእምነቶችን መቀላቀል የማይመለከት ስለሆነ እንዳለ ወደ መናገሻ ሊወሰድ አይችልም። መናገሻ በቀድሞው የሸዋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ አዲስ አበባን የከበበው አውራጃ ስም ሲሆን፣ ዛሬ ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ እንዳሳየው በመላው ኦሮሚያ ከነዋሪው 47.5 በመቶ ገደማ ሙስሊም፣ 30.5 በመቶ ገደማ ኦርቶዶክስ፣ 17.7 በመቶ ገደማ ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ግን ኦርቶዶክሱ ወደ 75 በመቶ ይጠጋ ነበር፤ ሦስቱ ከተሞችም በዚያን ጊዜ የኦርቶዶክስ ብዙኃን ያሉባቸው ስለነበሩ በስብጥራቸው ከክልላቸው ይልቅ ለዋና ከተማዋ የቀረቡ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከየአቅጣጫው የፈለሰው ሕዝብ፣ የተሠራው ቤትና የተከፈተው ፋብሪካ ከተሞቹን ሌላ ገጽ ስላለበሳቸው፣ የዚያን ዘመን ቁጥር ለዛሬው ስብጥር ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አይገባም።

ስለ ማጨስ ያለው አገራዊ መረጃ በመጀመሪያ የሚያሳየው የችግሩን መጠን ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የዓዋቂዎች የትምባሆ አጠቃቀም ጥናት እንደሚያመለክተው ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ሲጋራም ሆነ ሌላ የሚጨስ ትምባሆ የሚያጨሱት 3.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ከወንዶች 6.2፣ ከሴቶች 1.2 በመቶ ናቸው። በዚያው ዓመት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ ጫት ቅመው የሚያውቁ ወንዶችን 27፣ ሴቶችን 12 በመቶ፣ መጠጥ ቀምሰው የሚያውቁ ወንዶችን 46፣ ሴቶችን 35 በመቶ አድርጎ አስቀምጧል። ሦስቱ ልማዶች ጎን ለጎን ሲታዩ ከመካከላቸው ሲጋራ ብቻ በሁሉም ዘንድ እንደ ነውር ተቆጥሮ የቀረ መሆኑ ግልጽ ይሆናል፤ የዚህ ምክንያት ድህነት ወይም ዋጋ ብቻ ሊሆን አይችልም፣ ቢራ ከሲጋራ ርካሽ ሆኖ አያውቅምና።

ነውሩ ረጅም ታሪክ አለው። በኦርቶዶክሳዊው ሕዝብ ዘንድ ትምባሆ መናፍቁ አርዮስ ሆድ ዕቃው ከፈሰሰበት ቦታ የበቀለ ቅጠል ነው ተብሎ ሲተረክ ኖሯል፤ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥትም ትምባሆ ማጨስና ሱረት መሳብ በአዋጅ ተከልክሎ፣ የአጫሹ ከንፈር፣ የሱረተኛውም አፍንጫ ይቆረጥ እንደነበር በጊዜው የነበሩ የውጭ ተጓዦች ጽፈዋል። ክልከላው የእምነት ብቻ ሳይሆን የማንነት ወሰንም ነበር፤ ትምባሆ፣ ጫትና ቡና የእስላም ነገር ተብለው በአንድነት ይፈረጁ ነበርና ክርስቲያኑ ከእነዚህ መራቁን የክርስትናው ምልክት አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ከሦስቱ መካከል ቡና በአፄ ምኒልክና በጳጳሱ በአቡነ ማቴዎስ ዘመን ነጻ ወጥቶ ዛሬ በክርስቲያኑ ቤት በየዕለቱ የሚፈላ ሲሆን፣ ትምባሆ ግን እስከ ዛሬ አልተለቀቀም። የሃይማኖት ማኅበረሰብ ነውሩን ሊተው እንደሚችል ቡና ምስክር ነው፤ ስለዚህ ትምባሆ ነውር ሆኖ መቅረቱ ከጥንት የወረደ ቅርስ ብቻ ሳይሆን በየትውልዱ የታደሰ ውሳኔ መሆኑን መቀበል ይገባል።

በሙስሊሙ ዘንድ ነገሩ የተለየ መንገድ ተከትሏል። ትምባሆ ወደ እስልምናው ዓለም የደረሰው ከነቢዩ ዘመን እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ ቀጥተኛ ድንጋጌ የለውም፤ ሊቃውንቱም ከፊሎቹ መክሩህ፣ ማለትም የተጠላ ነገር ግን በቁርጥ ያልተከለከለ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሐራም፣ ማለትም ፈጽሞ የተከለከለ አድርገው ፈርደውበታል፤ የኋለኞቹ መነሻ ራስን መጉዳትና ገንዘብ ማባከን የሚከለከሉ መሆናቸው ነው። የጤና ጉዳቱ በሳይንስ እየተረጋገጠ ሲሄድ ሚዛኑ ወደ ሐራም አዘንብሏል። በተጨማሪም በረመዳን ወር ከንጋት እስከ መግሪብ ጢስ መሳብ ጾምን የሚያፈርስ በመሆኑ አጫሽ የሆነ ሙስሊም በየዓመቱ አንድ ወር ሙሉ ቀን ቀን ያለ ሲጋራ መዋልን ይለማመዳል፤ ይህ ማንኛውም የጤና ቢሮ በበጀት ሊያዘጋጀው የማይችለው ልምምድ ነው። በፕሮቴስታንቶች፣ በተለይም ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በከተማ ወጣቶች መካከል በተስፋፋው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ ደግሞ ጌታን መቀበል ከመጠጥ፣ ከጫትና ከሲጋራ በአንድ ቀን መላቀቅን የሚጠይቅ ስለሆነ አለማጨስ የእምነቱ ግልጽ ምልክት ሆኗል።

ከዚህ የሚወጣው ነጥብ ለጠቅላላው ጥያቄ ቁልፍ ነው። ሦስቱ እምነቶች በሲጋራ ላይ በተለያየ ምክንያት አንድ ዓይነት ፍርድ ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ተቀላቅለው በሚኖሩበት ሰፈር መቀላቀሉ በራሱ የሲጋራን ነውር አያላላም፣ የአንዱ እምነት ጎረቤት የሌላውን ልጅ ሲያጨስ ቢያገኘው የሚቆጣበት ምክንያት አለውና። በመጠጥና በጫት ላይ ግን ፍርዱ አንድ አይደለም። ጠላና ጠጅ በኦርቶዶክሱ ዝክር፣ ሰንበቴና ማኅበር ላይ ይቀዳሉ፤ በሰበታ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የቢራ ፋብሪካ ሜታ አቦ ተብሎ ስሙን ከአቦ መውሰዱ፣ በአዲስ አበባም ከዚያ ቀደም ብሎ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም በቢራ ጠርሙስ ላይ መለጠፉ ማንንም አላስደነገጠም። በዚህች አገር በጻድቅ ወይም በሰማዕት ስም የተሰየመ ሲጋራ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ግን ማንም የለም። ጫት ደግሞ በብዙ ሙስሊም ማኅበረሰቦች ዘንድ ከዱዓና ከሽምግልና ጋር አብሮ የኖረ ሲሆን፣ በሌላው ወገን አጥብቀው የሚያወግዙት የሙስሊም መምህራንም አሉ። የስብጥሩ ተጽዕኖ በጉልህ የሚታየው እንግዲህ ፍርዱ በሚለያይባቸው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው፤ ሲጋራም ወደ ወጣቱ እጅ የሚገባው በአብዛኛው በራሱ በር ሳይሆን በእነዚህ በሁለቱ በር ነው።

የዚህን መንገድ አሠራር በቅርብ ማየት ይጠቅማል። ከቀትር በኋላ በርጫ የተቀመጡ ወጣቶች ምርቃናው ሲይዛቸው ሲጋራ ይፈለጋል፤ ከጫቱ ጎን ለውዙ፣ ለስላሳውና ውኃው እንደሚቀርብ ሁሉ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ሲጋራም ከባለሱቁ ይመጣል፣ ከእጅ ወደ እጅም ይዞራል፤ ያላጨሰው ልጅ ጢሱን ለሰዓታት ሲስብ ስለሚውል ባዕድነቱ ይጠፋበታል። ሲመሽ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ የሚወሰደው መጠጥ ይከተላል፣ በዚያም ሲጋራው ይቀጥላል። ሱቁ ደጃፍ ላይ ላይተር በክር ታስሮ የተንጠለጠለ ስለሆነ ሲጋራ በፍሬ የሚገዛው ወጣት ክብሪት ወይም ፓኮ በኪሱ ይዞ መገኘት አያስፈልገውም፤ ለኩሶ ወደ ጀርባው አጥር ይዞራል፣ ሲጨርስ ማስቲካ ያኝካል፣ እጁን በአፈር ወይም በቅጠል ያሻል፣ ጠረኑ እስኪጠፋም ወደ ቤቱ አይገባም። እነዚህ ጥቃቅን ጥንቃቄዎች ሁሉ የሚደረጉት ለፖሊስ ወይም ለደንብ አስከባሪ ተብሎ አይደለም፤ የሚፈሩት የእናት አፍንጫና የጎረቤት ዓይን ናቸው። ይሉኝታ የሚባለው፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ራስን መግታት፣ በጥናት ቋንቋ ማኅበራዊ ቁጥጥር ከሚባለው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ከተሰበሰበ የወጣቶች የትምባሆ ጥናት መረጃ ላይ የተሠራ ትንተና፣ ከተማሪዎቹ መካከል አጫሽ የሆኑት ከወንዶች 4.5፣ ከሴቶች 1 በመቶ መሆናቸውን አሳይቶ፣ ከማጨስ ጋር ከሁሉ በላይ ተያይዞ የተገኘው የሚያጨስ ጓደኛ መኖር እንደሆነ፣ የወላጅ ማጨስም የራሱ ድርሻ እንዳለው ገልጿል። ይህ ውጤት ለሃይማኖት ስብጥር ጥያቄ የሚሰጠው ትርጉም ቀላል አይደለም። ሃይማኖት ወጣቱን ከሲጋራ የሚጠብቀው በስብከት ብቻ ቢሆን ኖሮ የጓደኛው ጉልበት ይህን ያህል ባልገዘፈ ነበር፤ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መድረሳ ወይም የቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ኅብረት ከትምህርቱ ባልተናነሰ የሚሰጠው ነገር የማያጨሱ ጓደኞችን ነው፣ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚዋልበትንም ቦታ ጭምር። አንድ ልጅ መዝሙር ጥናት ላይ ወይም ቁርኣን ቤት ካሳለፈው ሰዓት ይልቅ ከዚያ ወጥተው አብረውት ወደ ሰፈሩ የሚመለሱት እኩዮቹ ለጤናው የሚያስገኙት ጥቅም ሊበልጥ ይችላል።

በመናገሻ ከተሞች ትልቁ ለውጥ የመጣው በዚህ በመተዋወቁ በኩል ነው። ከአርባ ዓመት በፊት በሰበታ ወይም በቡራዩ የአንድ ሰፈር እድር ኦርቶዶክሱንም ሙስሊሙንም አንድ መዝገብ ላይ አስፍሮ የሚቀብር ስለነበር፣ እምነቱ ቢለያይም የማን ልጅ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሲጋራ ይዞ የተገኘ ልጅ የእገሌ ልጅ አይደለህም እንዴ ተብሎ መጠየቁ አይቀርለትም ነበር። ዛሬ በሰበታ ዓለም ገና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ዙሪያ፣ በቡራዩ ገፈርሳ አቅጣጫና በሱሉልታ የጎጃም መንገድ ዳር የተሠሩት የኪራይ ክፍሎች ከየክልሉ በመጡ ወጣቶች የተሞሉ ናቸው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ስምንት ወይም አሥር በር ቢኖር በየበሩ ሌላ ቋንቋና ሌላ እምነት አለ፣ አከራዩም ብዙ ጊዜ በግቢው አይኖርም። እነዚህ ወጣቶች ሃይማኖታቸውን ጥለው አልመጡም፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፣ ዓርብ መስጊድ ይሄዳሉ፣ ዕረፍት ሲያገኙ ጸሎት ቤት ይገኛሉ። የጣሉት የሚያውቃቸውን ሰው ነው። የንስሐ አባታቸው በትውልድ መንደራቸው ቀርተዋል፣ የደብሩ ሰበካ አያውቃቸውም፣ እድር ውስጥ የገባ ተከራይም ጥቂት ነው። ከቆጠራው አንጻር ሲታይ ሰፈሩ እንደ ድሮው መቶ በመቶ ሃይማኖተኛ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ ከወጣቱ አንጻር ግን የሚታዘበው ዓይን የሌለበት ሰፈር ነው። ስታርክ አማኝ ያልሆነ ብዙኃን የግለሰቡን እምነት እንደሚያዳክም ሲከራከር፣ እዚህ ላይ የሚታየው አማኝ ሆኖ የማይተዋወቅ ብዙኃንም ተመሳሳይ ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል ነው።

ስብጥርን ከማጨስ ጋር ሲያያይዙ ሊሠሩ ከሚችሉ ስሕተቶች ዋነኛው የአካባቢን ቁጥር ወደ ግለሰብ ማውረድ ነው። በአገሪቱ ማጨስ ከፍ ብሎ ከሚታይባቸው አካባቢዎች ሶማሌ፣ ሐረሪና ድሬዳዋ ስለሚገኙ ነገሩን በእስልምና ለማመካኘት የሚቸኩል አይጠፋም፤ ነገር ግን በ1999ኙ ቆጠራ ከነዋሪው 70 በመቶ ገደማ ፕሮቴስታንት የሆነበት የጋምቤላ ክልልም ከፍተኛ አጫሽ ካለባቸው ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ በዚያ ሴቶችም ሳይቀሩ ያጨሳሉ። በምሥራቅ የድንበር ንግድ፣ የኮንትሮባንድ ሲጋራ ርካሽነትና የጫት ባህል፣ በጋምቤላ ደግሞ ከሃይማኖቱ መምጣት በፊት የነበረ የማጨስ ልማድ አለ። በሱሉልታም ተመሳሳይ መምታታት ሊያጋጥም ይችላል፤ ማለዳ በጎዳናው ዳር ልምምድ የሚሠራው ሯጭ ሲጋራ የማይነካው ስለሚጾም ብቻ ሳይሆን ትንፋሹ እንጀራው ስለሆነ ነው፣ ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም በሠራባት ከተማ ደግሞ የእንደነዚህ ዓይነት ወጣቶች ቁጥር ጥቂት አይደለም።

ሌላው ስሕተት የሚመነጨው ከራሱ ከነውሩ ነው። ሃይማኖታዊ ቁጥጥር በጠነከረበት ሰፈር ያለ ወጣት፣ በተለይም ሴት ልጅ፣ መጠይቅ ይዞ ለመጣ እንግዳ አጨሳለሁ ብላ አትናገርም፤ ስለዚህ ሃይማኖተኛ ሰፈሮች አጫሽ የላቸውም የሚል ውጤት ሲገኝ ከፊሉ እውነተኛ መታቀብ፣ ከፊሉ መደበቅ ሊሆን ይችላል። በሌላ አገር ተመራማሪዎች ይህን የሚያጣሩት በምራቅ ወይም በሽንት ውስጥ የሚገኘውን፣ ሰውነት ኒኮቲንን ሲፈጭ የሚተርፈውን ኮቲኒን የተባለ ንጥረ ነገር በመለካት ነው። መደበቁ ከቁጥር መዛባትም የከፋ መዘዝ አለው። ያጨሰች ሴት ልጅ ተዋርዳለች ተብላ በምትቆጠርበት ሰፈር ለማቆም የሚረዳትን ሰው መጠየቅ ራስን ማጋለጥ ስለሚሆን፣ ከመጀመር የጠበቃት ያው ነውር ከማቆም ያግዳታል፤ በዚህ ረገድ ጸበል ቦታዎች የሱስ ችግራቸውን በግልጽ ተናግረው የሚመጡ ሰዎችን መቀበላቸው ከማንኛውም ስብከት ይልቅ የሚመሰገን ነው።

ከሃይማኖት ማኅበረሰቦች ነውር ጎን መንግሥትም በበኩሉ በ2006 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት ካጸደቀ በኋላ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን፣ በማንኛውም ዝግ የሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስን፣ ሺሻንና ማስታወቂያን ከልክሎ የፓኮው 70 በመቶ በማስጠንቀቂያ ሥዕልና ጽሑፍ እንዲሸፈን ደንግጓል፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም 30 በመቶ ታክስ ላይ በፓኮ 8 ብር ጨምሯል። በሌላው ወገን ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2017 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 70.95 በመቶ ድርሻ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዝቷል። ከመቶ አራት ሰው እንኳ በማያጨስበት አገር ላይ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስ ኩባንያ የገዛው ዛሬ ያሉትን አጫሾች ብቻ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል፤ የሃይማኖት ማኅበረሰቦች እስከ ዛሬ ዘግተው የያዙት ገበያ ይከፈታል የሚል ግምት በስሌቱ ውስጥ እንዳለበት መጠርጠር ተገቢ ነው፣ ገበያውም የሚከፈት ከሆነ መጀመሪያ የሚከፈተው ወጣቱ ከእናት ከአባቱ ዓይን ርቆ በራሱ ደመወዝ በሚያድርባቸው በእነዚህ በመሰሉ ከተሞች ነው።

ስለዚህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ይህን ጉዳይ ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ከሚለው ጥያቄ ጎን ወጣቱ በሰፈሩ ከኖረ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ እድር ወይም ጽዋ ማኅበር ውስጥ እንዳለ፣ በሚያመልክበት ቦታ ስሙን የሚያውቅ ሰው እንዳለውና ጎረቤቶቹ ስለ መጠጥና ስለ ጫት ምን እንደሚያስቡ መጠየቅ ይኖርበታል። ናሙናውንም ከትምህርት ቤት ብቻ መውሰድ አይበቃውም፤ ከትምህርት ገበታ ወጥቶ ፋብሪካ የገባው የ17 ወይም የ18 ዓመት ወጣት በክፍል መዝገብ ላይ አይገኝም፣ በጨረቃ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ከሆነ ደግሞ በቀበሌው የነዋሪዎች መዝገብም ላይኖር ይችላል፤ እርሱን ለማግኘት የፈረቃ መውጫ ሰዓትን ጠብቆ በየግቢው በር ማንኳኳት ያስፈልጋል።